ሩብ ሄክታር ቲማቲም፦ የአረም ወጪ ትርፉን ሊጨርሰው ነው፤ በእጅ ላሳርም ወይስ መድኃኒት ልርጭ?

ድሬ መስኖ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በኪራይ በያዝኩት ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ቲማቲም አለማለሁ። ውኃው የጉድጓድ ነው፤ በሞተር እየሳብኩ በቦይ አጠጣለሁ። አሁን መሬት ላይ ያለው መልካሾላ የሚባለው የቲማቲም ዝርያ ነው። ችግኙን በኅዳር መጨረሻ አዛውሬ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሥር ሰድዶ ቀና ብሏል። በመስመር መካከል አንድ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ትቻለሁ።

ጭንቀቴ አረሙ ነው። ውኃ በገባ ቁጥር እንግጫው ቀድሞ ይነሣል፤ አሉማና አውጥ ይከተሉታል፤ በማሳው ዳር ደግሞ ፋራምሲሳ አለ። ባለፈው ወቅት ወጪዬን ስደምር ከነዳጅ ቀጥሎ ትልቁ የአረም ሠራተኛ ክፍያ ነበር፤ ከዘርም ከማዳበሪያም በልጧል። ዘንድሮ የቀን ክፍያው ጨምሯል፤ ሰውም እንደ ልብ አይገኝም፤ የጫት ለቀማና የግንባታ ሥራ ወዲያ ይስበዋል። የመጡትም ቢሆኑ ፋራምሲሳ ያለበትን ጥግ መንካት አይፈልጉም፤ እጃቸውንና አንገታቸውን ያሳክካቸዋል።

ሁለት ሰዎች የተለያየ ምክር ሰጥተውኛል። አንዱ «ፀረ አረም ርጭ፣ በአንድ ጠዋት ትገላገላለህ» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ «ቲማቲሙ እስኪያብብ ታገሥ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ አጥርተህ አሳርም፣ የሦስት ዙር ክፍያ በአንድ ዙር ያልቅልሃል» ይላል። ትርፍ እንዲተርፈኝ መቼና ስንት ጊዜ ላሳርም? መድኃኒቱስ ያዋጣል? በተጨማሪም ከአጠገቤ በመስኖ በቆሎ የዘራ ሰው ሰሞኑን ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ አረም ሊረጭ ነው፤ እሱስ ያሰጋኛል?

የኤረር ቲማቲም

ልጄ፣ የጎረቤትህን ምክር አትቀበል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ነገር ግን የአረም ገንዘብ ከሚባክንባቸው መንገዶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። አበባ ከታየ በኋላ የሚከፈል የአረም ገንዘብ ማሳውን ያሳምራል እንጂ የጎደለውን ፍሬ አይመልስም፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

እኔ ነዋሪነቴ ሐረር ነው፤ ማሳዬ ኤረር ሸለቆ ውስጥ ነው። ልጆቼን ያስተማርኩት በቲማቲምና በቃሪያ ነው፤ ስለዚህ ስለ አረም ሲነሣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የተዛወረ ችግኝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚጨርሰው ሥሩን በማቆም ነው። ቅጠሉ ገና መሬቱን አይሸፍንም፤ ፀሐዩ በመስመሮቹ መካከል እንደ ልቡ ይገባል። አረሙ በዚያ ክፍተት፣ አንተ በነዳጅ በሳብከው ውኃ ይነሣል። ስለዚህ ማሳው ንጹሕ መሆን ያለበት ከተዛወረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው ጊዜ ደግሞ በምንም ምክንያት አይዘለልም። ቅርንጫፉ ገጥሞ መሬቱን ካጠላ በኋላ አዲስ የሚበቅል አረም ጉልበት አይኖረውም። ዘሩን በቀጥታ መሬት ላይ የሚዘራ ሰው ይህ ጊዜ በጣም ይረዝምበታል፤ አንተ ችግኝ በማዛወርህ ብዙ የአረም ወጪ ቀንሰሃል። ጨርሶ ሳይታረም የቀረ ማሳ ግን ከግማሽ በላይ ምርቱን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ልብ ብለህ አንብበው። የአረም ወጪን በብር አትቁጠር፣ በኪሎ ቲማቲም ቁጠረው። የብር ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ኪሎው ግን መሬትህ ላይ ያለውን እውነት ይነግርሃል። በነገርከን ርቀት አንድ ሄክታር ወደ 33,000 ተክል ይይዛል፤ ያንተ ሩብ ሄክታር 8,300 ገደማ ይሆናል። አረሙ ከእያንዳንዱ ተክል 100 ግራም ብቻ ቢቀንስብህ የሚጎድልህ 830 ኪሎ ነው። አንድ መካከለኛ ፍሬ እንደ ማለት ነው፤ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ ጎደለ አይልም። ግማሽ ኪሎ ቢቀንስብህ ከ41 ኩንታል በላይ ነው።

ለማሳያ ያህል የአንድ ሠራተኛ የቀን ክፍያ 12 ኪሎ ቲማቲም ማሳ ላይ የሚሸጥበትን ገንዘብ ያህላል እንበል። አንዱን ዙር አሥር ሰው በሁለት ቀን ቢጨርሰው ሃያ የሥራ ቀን ነው፤ ይኸውም 240 ኪሎ ይሆናል። 240 ኪሎ ከፍለህ 830 ኪሎ አዳንክ ማለት ነው፤ ያውም ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ነው ብለን አስበን። የቲማቲም ዋጋ በግማሽ ቢወድቅ ያው ዙር 480 ኪሎ ያስወጣሃል፤ አሁንም ያዋጣል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ዙር ስታስብ ግን መዝን፤ በዚያ ጊዜ የምታድነው ፍሬ ከመቶ ግራም በታች ይሆናል፤ የምትከፍለው ክፍያ ግን ያው ነው። ትርፍህ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ክፍያውን በራስህ ማሳ ቁጥር ተክተህ አስላው፤ የእኔን ቁጥር አትውሰድ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ኩትኳቶ በዚህ ሳምንት አስጀምር። ሠራተኞቹ ሳይገቡ ቀደም ብለህ ትንሽ ውኃ ልቀቅ፤ አፈሩ ሲደርቅ ዶማው አረሙን ከላይ ይቆርጠዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ሲጨቀይ ደግሞ የተነቀለው መልሶ ይጸድቃል። ጠፈፍ ሲል ነው መግባት። ከግንዱ አጠገብ በጥልቀት አይቆፈር፤ የቲማቲም ሥር ላይ ላዩን ስለሚሄድ ዶማ የነካው ሥር ለአጠውላጊ በሽታ በር ይከፍታል። በግንዱ ዙሪያ ያለው በእጅ ይነቀል፤ መሐሉ ይኮትኮት። ሁለተኛውን ዙር ተክሉ ጉልበቱን ሲያገኝ፣ ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከማስታቀፍ ጋር አንድ ላይ አድርገው። አፈር ወደ ግንዱ ሲሳብ በመስመሩ ላይ ያለው ትንንሽ አረም ይቀበራል፤ ተክሉም ተጨማሪ ሥር ያወጣል። በአንድ ክፍያ ሁለት ሥራ ማለት ይህ ነው። ዩሪያውን ከአረም በፊት እንዳትሰጥ፤ ከሁለተኛው ኩትኳቶ በኋላ ስጠው። ዩሪያ በአረም መካከል የሚበትን ሰው ሳይ በእውነት ያመኛል፤ በዚያ ውድ ዋጋ ተገዝቶ አሉማ ይቀለብበታል።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ዙር አታሳርም። አንተ ራስህ ውኃ ስታጠጣ፣ ዘር ሊያፈራ የደረሰውን ብቻ እየነቀልክ ከማሳው አውጣ። ይህ ለዘንድሮው ቲማቲም ሳይሆን ለሚቀጥለው ተክል ነው።

አውጥን ከሌላው ለይተህ እየው። እሱና አስተናግር የቲማቲም ዘመዶች ናቸው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠል ቦርቧሪ ትል በአውሮፓውያን 2012 ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ፣ ቲማቲም በሌለበት ጊዜ በእነዚህ ላይ እየተራባ ይቆያል። የቅጠል መጠምዘዝ በሽታን የሚያስተላልፈው ነጭ ዝንብም በማሳ ዳር ባሉ አረሞች ላይ ይጠለላል። ስለዚህ በአንተ መሬት ላይ አንድ የአውጥ ተክል ከአሥር የአሉማ ተክል ይልቅ ያስወጣሃል፤ ወጪው የሚመጣው በፀረ ተባይ መልክ ስለሆነ ግን በአረም ሂሳብ ላይ አይታይህም። የቦዩን ዳርና የአጥሩን ሥር ጨምረህ አጽዳ።

ሠራተኞቹ ፋራምሲሳን የሚሸሹት እውነት ስላላቸው ነው። ቆዳ ያቆስላል፣ አስምም ያስነሣል፤ ደጋግሞ የነካው ሰው እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይለምደውም። ጓንትና ረጅም እጅጌ አቅርብላቸው፤ ለዚያ ጥግ የሚከፈለውን ለብቻ ጨምር። ያ ጥግ ትንሽ ነው፤ ጭማሪው አይጎዳህም። ደግሞ የሰው እጅ ነው፤ ልጆቻቸውን በዚያው እጅ ያበላሉ። አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ይነቀል። ካበበ በኋላ ቢነቀል ዘሩ በየቦታው ይራገፋል፤ አንዱ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ሊጥል ይችላል።

ስለ መድኃኒቱ እኔ አልናገርም፤ እዚህ ባለሙያ አለ።

የልማት ጣቢያ ባለሙያ

የእናታችንን መልስ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ወንድማችን የጠየቁትን የመድኃኒት ጉዳይ ላብራራ።

«በአንድ ጠዋት ትገላገላለህ» ያለዎት ሰው የትኛውን መድኃኒት እንዳሰበ አልነገሩንም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግላይፎሴት የነካውን አረንጓዴ ሁሉ የሚገድል ስለሆነ በቆመ ቲማቲም ውስጥ አይረጭም፤ ጠብታው ቅጠሉን ከነካ ተክሉ ይሄዳል። ቦታው ችግኝ ከመዛወሩ በፊት ነው። በቲማቲም ውስጥ ተመርጦ የሚረጨው ሜትሪቡዚን የሚባለው ነው፤ እሱም የሚረጨው ችግኙ በደንብ ከተቋቋመ በኋላ፣ አረሙ ገና ጥቃቅን ሳለ ነው። ችግኙ ሳይጠና ወይም ሰማዩ ተከታትሎ ደመና ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ቢረጭ ቅጠሉን ያቃጥላል። መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ በግምት አይለካም።

አሁን የእርስዎን ማሳ ከዚህ ጋር ያገናኙት። ሜትሪቡዚን አሉማንና ፋራምሲሳን ይይዛል። እንግጫን ግን አይነካውም፤ አውጥም የቲማቲም ቤተሰብ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከከፈሉ በኋላም ለእንግጫውና ለአውጡ ሠራተኛ ማስገባትዎ አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው። በአፈር ውስጥም ይቆያል፤ ከቲማቲሙ በኋላ ሽንኩርት ለመትከል ካሰቡ ሽንኩርቱን ሊጎዳው ይችላል። በብዙ ሄክታር ላይ ለሚያለማና ሠራተኛ ጨርሶ ለማያገኝ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ለሩብ ሄክታር፣ ያውም እንግጫ ለበዛበት፣ እኔ አልመክርም።

የበለጠ ያሳሰበኝ ቱ ፎር ዲ ነው፤ ይህን ዛሬውኑ ይፍቱት። ቲማቲም ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስስ ከሆኑት ሰብሎች አንዱ ነው። ለበቆሎ የተረጨው በነፋስ ተንሳፍፎ ጥቂት ጠብታ ቢደርስ እንኳ የቲማቲሙ ጫፍ ይጠማዘዛል፤ ቅጠሉ ይቀጥናል፤ አበባውም ይረግፋል። ብዙ ገበሬ ይህን ከቫይረስ በሽታ ጋር ያምታታውና ለነጭ ዝንብ መድኃኒት መግዛት ይጀምራል። ከመድኃኒቱ ዓይነቶች መካከል በሙቀት የሚተን አለ፤ በድሬዳዋ ቀትር ተረጭቶ ከሰዓታት በኋላ በትነት ሊደርስዎ ይችላል። ለጎረቤትዎ የሚጠይቋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ብዙም የማይተነውን፣ አሚን የሚባለውን ዓይነት ይጠቀሙ፤ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ይርጩ፤ ወደ እርስዎ ማሳ የሚዋሰኑትን መስመሮች ሳይረጩ በእጅ ያሳርሙ። ለእነዚያ መስመሮች የሚከፈለውን ግማሽ እርስዎ ቢችሉ እንኳ ያተርፋሉ።

ቱ ፎር ዲ የተረጨበትን የጀርባ መርጫ ደግሞ ለቲማቲም አይዋሱ። በውኃ ቢታጠብም በቱቦውና በላስቲኩ ውስጥ የሚቀረው ይበቃል። ለቲማቲም የራሱ መርጫ ይኑረው።

ስለ ፋራምሲሳ፣ በመጽሐፍ ቅንጨ አረም ስለሚባለው፣ አንድ ነገር ልጨምር። በሀገራችን መኖሩ መጀመሪያ ከተዘገበባቸው ቦታዎች መካከል ድሬዳዋና ሐረርጌ ናቸው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን 1980 ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገድና በባቡር ሐዲድ ዳር፣ በጎርፍ፣ በአሸዋ ጭነትና በፍግ ሲዛመት ኖሯል። ፍግ የሚገዙ ከሆነ ያልበሰለ አያስገቡ። በደንብ ተቆልሎ፣ እየተገላበጠ ግሎ የበሰለ ፍግ አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል።

ቀፊራ ነጋዴ

እኔ ገበሬ አይደለሁም፤ ቲማቲም ተቀባይ ነኝ። ከገዢ በኩል ያለውን ልንገርህ፤ ምክንያቱም የአረሙ ትርፍ የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ነው።

አረም የበዛበት ማሳ ቲማቲም ሳጥኑ ሲከፈት ይታወቃል። ፍሬው ትንሽና ትልቅ የተቀላቀለበት ነው፤ ከሥር ያለው ሲዳሰስ ይለሰልሳል። በአረም መካከል አየር አይዘዋወርም፤ እርጥበቱ ይቆያል፤ መሬት የነካው ፍሬ ይበሰብሳል። አንድ የበሰበሰ ፍሬ በጉዞ ላይ የሳጥኑን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። ወደ ጅቡቲ የሚጭነው ሰው ደግሞ መቅላት የጀመረ፣ ጠንካራ፣ መጠኑ የተስተካከለ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እናታችን በኪሎ ያሰሉትን ሂሳብ እኔ በደረጃ እጨምርበታለሁ፦ አረም ኪሎውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ኪሎ ዋጋ ዝቅ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በኅዳር መጨረሻ ያዛወርከው የሚደርሰው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነው። በቅርብ ዓመታት ሁዳዴና ረመዳን ተቀራርበው እየገቡ ነው፤ በድሬዳዋ በዚያ ሰሞን ለወጡም ለሾርባውም ለሳምቡሳውም አትክልት ይፈለጋል። ጥሩ ጊዜ ላይ ነህ፤ ስለዚህ ዘንድሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ገንዘብ አትሰስት። ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ሲያደርስ ግን ሳጥኑ የለቀማና የመኪና ክፍያውን እንኳ የማይመልስበት ቀን አለ። እንዲህ ያለው ሳምንት ከመጣና ማሳህ ላይ ሁለት ለቀማ ብቻ ከቀረ፣ ለዚያ ማሳ ለአረም አንድ ብር አታውጣ። የቀረውን ቶሎ ልቀመውና መሬቱን አጽዳ።

ልመናዬ አንድ ነው። ለለቀማ ሠራተኛ መንገድ ይኑረው። አረም ውስጥ የሚለቅም ሰው ፍሬውን አያየውም፤ ግማሹን ረግጦ ግማሹን ትቶ ይወጣል።

ድሬ መስኖ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኩትኳቶውን ነገ አስጀምራለሁ፤ ስለ ቱ ፎር ዲው ደግሞ ዛሬ ማታ ጎረቤቴን አነጋግረዋለሁ።

እናቴ፣ ሁለት ነገር ይቀረኛል። እንግጫው በነቀልነው ሳምንት ተመልሶ ይወጣል፤ ከሥሩ እንደ ሽንብራ ያለ ጥቁር ነገር አለው። እሱን ለማጥፋት ምን ይሻላል? ሁለተኛው፣ መሬቱን የያዝኩት በአንድ ዓመት ኪራይ ነው። ሰው በማይቆይበት መሬት ላይ ለሚቀጥለው ዓመት አረም ብሎ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው? የማሽላ አገዳ ጉዝጓዝ ላድርግ ብዬም ነበር፤ የመሬቱ ባለቤት ግን አገዳውን ለከብቶቹ ይፈልገዋል።

የኤረር ቲማቲም

ያ ጥቁር ነገር ነው እንግጫው፤ ላይ የምታየው ሣር ቅጠሉ ብቻ ነው። በእጅ ሲነቀል ቅጠሉ ይወጣና ፍሬው መሬት ውስጥ ይቀራል። እያንዳንዱም እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነሣል። ፕላስቲክ ቢነጠፍበት እንኳ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ልታጠፋው አትችልም፤ አታስበው። የምትችለው ማድከም ነው። እያቆጠቆጠ አዲስ ፍሬ ከመሥራቱ በፊት፣ ቅጠሉ ገና ጥቂት ሳለ ደጋግሞ መቁረጥ ያስርበዋል። ለዚህ ሠራተኛ አትቅጠር፤ በውኃ ተራህ መኮትኮቻ ይዘህ ግባ። ከዚያ ቲማቲሙ ቶሎ ገጥሞ እንዲያጠላው አድርግ፤ እንግጫ ጥላ አይወድም። በየመስመሩ የደረቀ ተክል ካለ በዚህ ሳምንት ተካው። ባዶ የቀረ ቦታ ሁሉ የእሱ ነው።

የሚጠፋው በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ነው። ሰብሉን አንሥተህ፣ ውኃውን አቁመህ፣ መሬቱን በጥልቀት አሳርሰህ ፍሬዎቹን ወደ ላይ አውጣቸው። በዚያ ሙቀት ከሳምንት በላይ ተጋልጦ የሰነበተ ፍሬ ደርቆ ይሞታል። እንደገና አሳርሰህ የቀረውን አውጣ። ዝናብ ካገኘው ግን ሥራው ከንቱ ነው፤ በደረቁ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ በቆሎ ወይም ማሽላ ጠጋ አድርገህ ብትዘራ ጥላው ይጨርሰዋል፤ መሬቱም ከቲማቲም በሽታ ያርፋል።

ኪራዩን በተመለከተ የጠየቅኸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ይከስራል። በአንድ ዓመት ኪራይ የግንቦትና የሰኔውን እርሻ አንተ ብቻ አትክፈል። ትርፉ የሚገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያንተ አይደለም። ለባለቤቱ እንግጫው የመሬቱን ዋጋ እንደሚቀንስ አሳየው፤ ቁፈርና ፍሬውን በእጁ ስጠው። ከሁለቱ አንዱን ጠይቀው፦ ወይ ኪራዩን ወደ ሁለት ዓመት ያራዝምልህ፣ አንተ እርሻውን ትከፍላለህ፤ ወይም የእርሻው ወጪ ከኪራዩ ላይ ይታሰብልህ። የትኛውም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነና የሚታረሰው በየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍበት። ሰው በቃል ተስማምቶ በሰኔ የሚጣላው በዚህ ነው።

አገዳውን ለከብቶቹ ተውለት። ጉዝጓዝ ጥሩ ነው፤ ትንንሹን አረም ያፍናል፣ ውኃህንም ያቆይልሃል፤ ለእንግጫ ግን ብዙም አይሠራም። ስለ እሱ ከባለቤቱ ጋር ፍቅር ማበላሸት አያዋጣም። ይልቅ ውኃውን በየመስመሩ ሁሉ አትልቀቅ፤ አንድ ቦይ ለሁለት መስመር እንዲያገለግል አድርገህ አንዱን መሐል በደረቁ ተወው። በደረቁ በኩል የሚበቅለው አረም ጥቂት ነው፤ ነዳጅህም ይቀንሳል። ይህን በሚቀጥለው ተክል አድርገው፤ አሁን በተተከለው ላይ ቦዩን አትቀይር።

ሌላም ልጨምርልህ፤ ለሚቀጥለው ተክል መሬቱን አዘጋጅተህ እንደ ጨረስክ ችግኙን ወዲያው አታዛውር። መጀመሪያ ውኃ አጠጣው፤ አረሙ ይብቀል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቀህ ላይ ላዩን ብቻ ጭረህ አጥፋው፣ ከዚያ ተክል። በጥልቀት ከቆፈርክ ሌላ ዘር ወደ ላይ ታወጣለህ። የመጀመሪያው ዙር ክፍያ የሚቀንሰው በዚህ ነው። በሂሳብህ ላይ ከየትኛውም መድኃኒት የበለጠ ታየዋለህ።

ድሬ መስኖ (ጠያቂ)

ጎረቤቴን አነጋግሬዋለሁ። ወደ እኔ የሚዋሰኑትን አራት የበቆሎ መስመሮች አይረጭም፤ በእጅ ይታረማሉ፤ ክፍያውን ለሁለት እንካፈላለን። አሚን የሚባለውን ዓይነት ሲገዛም አብሬው እሄዳለሁ። የመሬቱ ባለቤት ቅዳሜ ከተማ ይመጣል፤ የእንግጫውን ፍሬ ቆፍሬ በፌስታል አስቀምጫለሁ።

የኤረር ቲማቲም

መልካም አድርገሃል። ፌስታሉን ማሳው ውስጥ እንዳትጥለው፤ ሲያልቅ አቃጥለው።